ፀሐይ ሳይት ስትቀይር

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ፀሐይ በየትኛው ወር በየትኛው ኬክሮስ አናት ላይ እንደምትውል ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልሳሳት እመልሳለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴም እመልስ ነበር፤ በፈተና ወረቀት ላይ። ቀና ብለሽ እዪ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሰፈር በሙሉ እየሰማ መሳቂያ አደረግኩት። ለዚህ ነገር ስንት ዓመት ሰበብ ስፈልግ ኖሬ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ልናገረው።

ያኔ ትምህርት ቤታችን አዲስ የንባብ ክፍል ሊሠራ ነበር። እንደ ሌሎቹ ክፍሎች ከላይ ከታች ቆርቆሮ ሆኖ ተማሪ የሚቀቅል ዓይነት አይደለም። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ተቆፍሮ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ተደባልቆበት፣ በእጅ በሚጫን ማሽን እየተጠቀጠቀ፣ በእሳት ሳይተኮስ ጥላ ሥር ደርቆ በሚወጣ ጡብ የሚሠራ ቤት ነው። መብራቱም ከሶላር። የጂኦግራፊ ክበባችን ደግሞ ሬዲዮ ነበረው። ማሰራጫው ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ድምፁም ከሰፈሩ ዳርቻ አያልፍም፤ እኛ ግን ዓለም በሙሉ ጆሮውን የሰጠን ይመስለን ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከስድስት እስከ ሰባት እናወራለን፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያም ያንኑ ይደግማል። አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎን ከያዝኩ ማን ይችለኛል!

ክፍሉን የሚገነባው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ሰፈሩ ጋሽ ውሃ ልክ ይለዋል። ያችን ቢጫ ውሃ ልክ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ለይቷት አያውቅም። ሰው ቤት ሲጋበዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አረፋዋ መሃል መግባቷን ካላየ አይበላም እየተባለ ይቀለድበታል። ቀልድ አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴን አላውቀውም። አጎቴ በእሱ ግቢና በእኛ ግቢ መሃል ያለውን አጥር ቆርጦ በር አበጅቶለት ስለነበር ያደግኩት በሁለቱም ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግቢ ውስጥ እንጨት አስተክሎ፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር እንድከተል ያስተማረኝም እሱ ነው። ስንት ቀን ጠጠር ስደረድር እንደዋልኩ አላስታውስም፤ ከዚያ ወዲህ ግን "ኮምፓሷ" ብሎ ይጠራኝ ጀመር።

የዚያን ዓመት ፕሮግራማችን "ራሱን የሚያበርድ ቤት" ይባል ነበር፤ ስምንት ሳምንት የሚዘልቅ። ለትምህርት ቤቶች ውድድርም አስመዝግበነዋል። አምስተኛው ሳምንት ላይ አጎቴን እንግዳ አድርጌ ጋበዝኩት። ኮቱን አስተኩሶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ። ማይክሮፎኑን ሲያየው እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠው ምንም አልቀረውም። በቤት አንተ የምለውን ሰው፣ ሬዲዮ ነው ብዬ እርስዎ አልኩት። እሱም አስተዋለና ፈገግ አለ።

መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበር። "ሰው አፈርን ንቆ ነው እንጂ፣" አለ፣ "አፈር ሙቀት ቶሎ አይቀበልም፤ ከተቀበለም ቶሎ አይለቅም። ቀን ያስቀመጠውን ሲመሽ ነው የሚሰጥሽ። መስኮቱን ከፍ አድርጊው፣ የሞቀው አየር መውጫ ያገኛል። ጡቡን አትተኩሺው፣ እንጨቱ ይተርፋል። አለቀ በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።" ሁለት ጓደኞቼ በመስታወቱ ወዲያ ሆነው አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

ከዚያ ስለ ታንከሩ አነሳ።

"አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካነሳነው አይቀር" አለ። "ሥዕላችሁ ላይ የውሃውን ታንከር በሰሜን በኩል፣ ከግድግዳው አስጠግታችሁ ነው ያስቀመጣችሁት። እዚያ አይሆንም። ዝናቡ ሊገባ ሲል ፀሐይ ወደዚያ ማዶ ትሻገራለች፤ አራት ወር ከምናምን እዚያው ናት። በምሳ ሰዓት የታንከሩ ጥላ ሶላሩ ላይ ይወድቃል። ወደ ምዕራብ ጥግ ራቅ አድርጉት፤ ቧንቧው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።"

ክበባችን ለሕንፃ ኮሚቴው የሰጠውን የክፍሉን ሥዕል የሠራሁት እኔ ነኝ። የሠራሁትም ከሩቅ አገር በእርዳታ ከመጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው። መጽሐፉ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለ ሰው ፀሐይን ምንጊዜም በደቡብ በኩል ያገኛታል ይላል። አልዋሸም። የተጻፈው ፀሐይ አናታቸውን አልፋ ለማታውቅ ሰዎች ነው። እኛ ያለነው አሥረኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ እስከ ሃያ ሦስት ተኩል ድረስ ትወጣለች። ሁለቱንም ቁጥር በቃሌ አውቃቸው ነበር። አንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት ግን በሐሳቤም አልመጣ። አጎቴ አንዱንም ቁጥር አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ጣሪያ ላይ ሲሠራ ጀርባውን የሚያቃጥለው በየት በኩል እንደሆነ ግን ያውቃል።

ቢያንስ "እስኪ እናየዋለን" ማለት እችል ነበር። ወይም ዝም ማለት። እኔ ግን ማይክሮፎኑን ጠጋ አልኩና፣ "ጋሼ፣ ፀሐይም እንደ እርስዎ የቀን ሠራተኞች በየአራት ወሩ ሳይት ትቀይራለች እንዴ?" አልኩት።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። በመስኮቱ በኩል ይሰማ ነበር፤ ምሳቸውን የያዙ ስድስት መቶ ተማሪዎች። ጓደኞቼም ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አጎቴ አልሳቀም። ውሃ ልኳ ያለችበትን ኪስ በእጁ ዳሰስ አደረገና፣ "እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ" ብሎ ዝም አለ። ሬዲዮ ላይ ሦስት ሴኮንድ ዝምታ ረጅም ነው። ዘፈን ለቀቅኩበት።

ከዚያ በኋላ ጉዱ ፈላ። የሕንፃ ኮሚቴው ታንከሩ በተማሪዎቹ ሥዕል መሠረት ይሁን ብሎ ወሰነ። አጎቴም እንደተባለው ሠራ፤ አንድ ቃል አልጨመረም። ክፍሉ አምሮ ወጣ፤ ፕሮግራማችን አንደኛ ወጥቶ ሰርተፊኬታችን በመስታወት ተገጥሞ እዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ውሃ ልክ የሚለው ስም ደግሞ ቀርቶ ሰፈሩ "ሳይት ቀያሪው" ይለው ጀመር። ልጆች መንገድ ላይ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይ የት ሳይት ገባች?" ይሉታል። ስም እንዲህ ከረከሰ ሥራም ይከተለዋል። ሊሠራው ቃል የተገባለት የጤና ጣቢያ ግንባታ ለሌላ ተሰጠ፤ የኮሚቴው ሰው፣ ፀሐይ ትዞራለች ለሚል ግንበኛ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አደራ አንሰጥም አለ አሉ። ሰውየው ቁም ነገረኛ ነው፤ ሬዲዮ ይከታተላል። ከዚያ ወዲህ ለአጎቴ የሚደርሰው አጥር ማቃናትና ሽንት ቤት መሥራት ሆነ።

የሙቀቱ ወራት ገቡ። አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እያወራሁ ሬዲዮው ዓረፍተ ነገሬን ከመሃል ቆርጦ ጸጥ አለ። ማሰራጫችን የሚሠራው ከንባብ ክፍሉ ሶላር ነበር። ሮጬ ወደ ቢሮዎቹ ፎቅ መተላለፊያ ወጣሁና ጣሪያውን ከላይ አየሁት። የታንከሩ ጥላ፣ ድቡልቡል ጥቁር ነገር፣ ከሰሜን መጥቶ ሁለተኛው የሶላር ሰሌዳ ላይ ተኝቷል። ሰሌዳዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም ሁሉም ይደክማሉ። ቀና ብዬ ፀሐይን ፈለግኋት። ማዶ ናት።

ገባኝ። ቁልጭ ብሎ ገባኝ። አሥርና ሃያ ሦስት ተኩል የሚሉት ቁጥሮች ጎን ለጎን መጥተው ፊቴ ቆሙ። ብቻዬን እዚያ መተላለፊያ ላይ ፊቴ እንደ እሳት ሲግል ይሰማኝ ነበር። ሰባት ሰዓት ገደማ ጥላው ፈቀቅ ሲል መብራቱ ተመለሰ፤ ተመልሼ ማይክሮፎኑን ያዝኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ለተፈጠረው መቋረጥ ይቅርታ እንጠይቃለን" አልኩ። ሰርተፊኬቱ ከተሰቀለ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ነገ አስተላለፍኩት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ አጠናሁ። ተመልሼ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የክበቡም ኃላፊ ሆንኩ። በየዓመቱ እነዚያ ወራት ሲመጡ ሬዲዮው በምሳ ሰዓት ይሞታል። "ባትሪው ነው" ይላሉ አስተማሪዎቹ። ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። "ገመዱ ነው" ይላሉ፤ ገመዱም ተቀየረ። እኔ አብሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ክፍል ገብቼ ሉሉን በእጄ እያሽከረከርኩ ፀሐይ እንዴት አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን እንደምትሻገር አፌን ሞልቼ አስተምራለሁ፤ ታንከሩ ከኋላዬ በመስኮቱ ይታያል። ተማሪዎቹ ዞር ብለው ያያሉ ብዬ እፈራለሁ። እነሱም እንደ እኔ ናቸው መሰለኝ፤ የሚጽፉት ደብተራቸው ላይ ነው።

እሁድ እሁድ አጎቴ ቤት እሄዳለሁ። ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ከዚያ ነገር በቀር። አንድ ጊዜ የበር ማጠፊያ ሲያስተካክል ጎኑ ተቀምጬ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር" አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ "በይ ኮምፓሷ" አለኝ። ፊቱ እንዴት በርቶ እንደነበር አሁንም አልጠፋኝም። "የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ያፈሳል" አልኩት።

በማግስቱ መሰላል ተሸክሞ መጣ። ጣሪያው አያፈስም ነበር። በዚያ ዕድሜው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆርቆሮ ላይ በእንብርክኩ እየሄደ ቀዳዳ ሲፈልግ ከታች ሆኜ መሰላሉን ያዝኩለት። ወርዶ፣ "ደህና ነው፤ ጭንቀት ነው የሚያፈሰው" ብሎኝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምነው ያኔ ብናገር! እግሩ ሥር ለመውደቅ እንኳ ሩቅ አልነበርኩም፤ መሰላሉን ይዤ ነበር የቆምኩት።

አምና ሞተ። ሳምባው ነው። በቀብሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ለሌላው፣ "ማን ነው ሟቹ?" ሲለው፣ "ሳይት ቀያሪው" ብሎ ሲመልስ በጆሮዬ ሰማሁ። የዚያን ጊዜም አልተናገርኩም። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት፤ ምክንያት መቼ አጥቼ አውቃለሁ።

ዘንድሮ የታንከሩ ብረት ማቆሚያ ዝጎ ተጣመመ። ርዕሰ መምህሩ እዚያው ቦታ አዲስ ይተከል አለ። "እዚያ አይሆንም፣" አልኩ፣ "ወደ ምዕራብ ጥግ ራቅ ይበል።" አፌ የአጎቴን ቃል እንዳለ ሲያወጣ ራሴም ደነገጥኩ። "ለምን?" አለኝ። "ጥላ" አልኩት። በስድስት ሰዓት ወደ ፎቁ ወስጄ አሳየሁት። ጥላውን አየ፣ ፀሐይን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ይሄን ነገር ካወቅሽ ቆየሽ እንዴ?" አለ። "ቆየሁ" አልኩ። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ሥራውን የያዘው ድሮ የአጎቴ ረዳት የነበረው ሰው ነው፤ ዛሬ ራሱ ደህና ግንበኛ ሆኗል። በእርምጃ ለክቼ ቦታውን ሰጠሁት። ሠራተኞቹ ጉልበት ያህል ሲቆፍሩ ዶማው ቀጭ አለ። ድንጋይ ነው ብለው በጎን ቢሄዱም ቀጭ። አፈሩን ገፈው ሲያወጡት አራት ማዕዘን መሠረት ሆኖ ተገኘ፤ በወጉ የተገነባ፣ ሲሚንቶው እንደ መስታወት የለሰለሰ። በአራቱ ጥግ አራት ብሎኖች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ግራሶ በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረዋል። ከጎኑ አፉ የተደፈነ ቧንቧ አለ። ቧንቧውን ተከትለው ቢቆፍሩ እስከ ንባብ ክፍሉ ግድግዳ ድረስ ሄደ።

ግንበኛው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ መሠረቱን በመዳፉ ጠረገው። የራሱን ውሃ ልክ አውጥቶ አስቀመጠበት። አረፋዋ ሄዳ መሃል ቆመች።

"ይሄማ የጋሼ እጅ ነው" አለ። "ያን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንንም ይለቀንና ብቻውን ይቀር ነበር። ምን ይሠራል እንል ነበር እኮ! ለማቆሚያው እግር እንኳ ልክ ነው፤ እዪው፣ አንዲት ጣት አይዛነፍም።"

ጨርቁን ከአንዱ ብሎን ላይ ፈታሁት። አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም። በአደባባይ አሳፍሬው ሳለ፣ የሳቅሁበትን ነገር አንድ ቀን እንደምደርስበት አምኖ፣ ስደርስ እንዳልቸገር አዘጋጅቶልኝ ቀበረው። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሠራተኞቹ ዞር አሉልኝ።

በዚያው ቀን ወደ አጎቴ ሚስት ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስለ መሠረቱ ስነግራት አልገረማትም፤ ልብሱን ማራገፏን ቀጠለች።

"አውቃለሁ" አለች። "አራት ቅዳሜ ነው የፈጀበት።"

"ታዲያ እትዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አደራ ብሎኝ ነዋ! 'እኔ ብነግራት የኔ እውቀት ነው የሚሆነው፤ ራሷ ካየችው የሷ ነው። ቆይ፣ ታየዋለች' ይለኝ ነበር።" ቅርጫቱን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። "ሬዲዮሽን እኮ አንድ ቀን አልፎት አያውቅም። ምሳው ቀርቦለት፣ እዚያ መደርደሪያ ላይ ከፍቶት። በዚያ በሙቀቱ ጊዜ እናንተ ስታወሩ ስታወሩ ድንገት ጭጭ ስትሉ፣ ሰዓቱን ያይና 'ተሻገረች' ይላል። ከዚያ በሩን ከፈት ያደርገዋል። 'ዘንድሮ ሳታየው አትቀርም፣ ትመጣለች' ይላል። አንቺ ከትምህርት ከተመለስሽ ጀምሮ፣ በየዓመቱ። አምና እንኳ ከአልጋ መነሳት አቅቶት፣ ሬዲዮው ጸጥ ሲል ኮቴን አምጪልኝ አለኝ። ያችን ያስተኮሳትን። አለበስኩት። እንደለበሰ እስኪመሽ ተቀመጠ።"

እሷ እጄን ይዛ፣ "አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ" አለች፤ "ሰው ያላየውን ነገር ምን ያደርጋል? ዘግይተሽም ቢሆን አየሽው። ደስ ይለው ነበር።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም ያልፍ ነበር። ደግሞ ዝም ማለትን የሚያህል የማውቀው ሥራ አልነበረም።

"እትዬ፣" አልኳት፣ "እኔ በመጀመሪያው ዓመት ነው ያየሁት። ሬዲዮው በተቋረጠበት በመጀመሪያው ቀን።"

እጄን አልለቀቀችም። በተከፈተው በር ወደ መደርደሪያው፣ ጨርቅ ወደተደረገበት ሬዲዮ እያየች፣ "እንኳን ይሄን ሳይሰማ ሄደ" አለች።

ታንከሩ ሲዛወር በስድስት ሰዓት ሬዲዮ ላይ ሁሉንም ስናገር እንድትሰማኝ ለመንኳት። ሬዲዮው የእሱ ነው፣ እሱ ከሄደ ወዲህ አልተከፈተም አለችኝ። ልትከፍተው እንደማትችልም ነገረችኝ።

ታንከሩ ወደ አዲሱ ቦታ በተዛወረ በሦስተኛው ቀን፣ አቅራቢዋ ተማሪ የያዘችውን ማይክሮፎን ተቀብያት ራሴ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሽ ውሃ ልክ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ማን ትክክል እንደነበር። የቴክኒክ ብልሽት የሚባል ነገር እንዳልነበረ፤ እኔ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ለስንት ዓመት ዝም እንዳልኩ። ሳይት ስለመቀየር የቀለድኩትን ስደግመው ግቢው ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ዛሬም ሳቁ። ልጆች ናቸው፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ፀሐይ ማዶ ናት፤ ማሰራጫው ግን አልተቋረጠም፣ ቀይ መብራቱ እንደበራ ነው። ልጨርስ "አጎቴ..." ብዬ ጀመርኩና የምቀጥለው ጠፋኝ። ሴኮንዶቹ አለፉ። ተማሪዋ እጇን ወደ ዘፈኑ ቁልፍ ስትሰድ አየኋትና፣ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ተዪው አልኳት።

እንዲሁ ዝም እንዳልን ቆየን።